አንድነት ወይስ አንድ ዓይነትነት? ካቶሊካውያን በእርግጥ አንድ ናቸው?

በ2022 የገና ዋዜማ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ሕንድ ኮቺ ከተማ፣ በቅድስት ማርያም ካቴድራል ውስጥ ካህናትና ምእመናን መንበሩን ከበው ተገፈታተሩ። ጩኸትና ግርግር ሆነ፣ ፖሊስ ገባ፣ ካቴድራሉ ተዘጋ፣ የልደት በዓልም ያለ ቅዳሴ አለፈበት። ሰዎቹ የተጣሉት በምሥጢረ ሥላሴ አይደለም። በቅዱስ ቁርባንም ሆነ በእመቤታችን ክብር ላይ ልዩነት አልነበራቸውም። የጠቡ መነሻ ቄሱ ሲቀድስ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያድርግ ወይስ ወደ መንበሩ የሚለው ነበር።

ካቴድራሉ የሲሮ ማላባር ቤተ ክርስቲያን ነው። ሲሮ ማላባር ራሷን ከሐዋርያው ቶማስ ስብከት የምትቆጥር፣ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ምእመናን ያሏት፣ ከሮም ጋር ሙሉ ኅብረት ያላት የምሥራቅ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) በኋላ ካቴድራሉ ባለበት በኤርናኩላም አንጋማሊ ሊቀ ጳጳሳት ሀገረ ስብከት ያሉ ካህናት ወደ ሕዝቡ ዞረው መቀደስ ለመዱ። ሌላው ዘንድ ደግሞ ወደ መንበሩ ዞሮ መቀደሱ ቀጠለ። ሲኖዶሱ በ1999 መካከለኛ መንገድ ቀየሰ፤ ንባቡና ስብከቱ ወደ ሕዝብ፣ ፍሬ ቅዳሴው ወደ መንበር፣ ከቁርባን በኋላ ያለው እንደገና ወደ ሕዝብ። ውሳኔው ሃያ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ተኝቶ ኖረ። በ2021 «ከእንግዲህ ሁሉም በዚህ ይቀድስ» ሲባል ኤርናኩላም እምቢ አለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ደብዳቤ ጻፉ፤ አልሆነም። ተወካያቸው ሊቀ ጳጳስ ሲሪል ቫሲል በኦገስት 2023 ወደ ካቴድራሉ ሲመጡ እንቁላል ተወረወረባቸው። በዲሴምበር 2023 ፍራንችስኮስ በቪዲዮ ቀርበው፣ ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያን መሆናቸውን ትተው የተገነጠለ ቡድን እንዳይሆኑ ተማጸኗቸው። በዚያው ቀን የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ካርዲናል ጆርጅ አለንቸሪ ከኃላፊነት መልቀቃቸው ተሰማ።

እኔ በግዕዝ ሥርዓት ተጠምቄ ያደግሁ ካቶሊክ ነኝ። የካቴድራሉን ምስል በስልኬ ሳይ ልቤ አዘነ፤ ምክንያቱም እኛ ካቶሊካውያን ከወንጌላውያን ወዳጆቻችን ጋር በተከራከርን ቁጥር የምንመዘው መልስ «እናንተ በሺህ ተከፋፍላችኋል፣ እኛ ግን አንድ ነን» የሚል ነው። ከወዲያ የሚመጣውን ምላሽም ለምጄዋለሁ፤ «የቱ ነው አንድነታችሁ? የጀርመኑ ጳጳስ የሚፈቅደውን የኮንጎው ይከለክላል፤ አንዱ ቄስ ያገባል፣ ሌላው አይፈቀድለትም፤ ጳጳሳችሁ ያሉትን ግማሻችሁ አትሰሙም።» ክርክሩ በየፌስቡኩና በየቲክቶኩ ሌሊቱን ያነጋል፤ አንዱም ሌላውን ሳያሳምን ይለያያሉ።

አለመግባባቱ የሚጀምረው ሁለቱም ወገኖች አንድነትን ከአንድ ዓይነትነት ጋር ስለሚያምታቱ ነው። ተመሳሳይ መሆን አንድ መሆን ቢሆን ኖሮ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያውም አንድ ሆና አታውቅም ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ልዩነት ከዚያ የተለየ ነው፤ ወደ እሱ እደርሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ አንድነት የምትለው ምን እንደሆነ እንይ።

በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ በቁጥር 205 ላይ መልሱን በአጭሩ አስቀምጦታል። አንድ የተጠመቀ ሰው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ኅብረት አለው የሚባለው በሦስት ማሰሪያዎች ከክርስቶስ ጋር ሲተሳሰር ነው፤ በእምነት ምስክርነት፣ በምሥጢራትና በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር። ቋንቋ፣ የቅዳሴ ዜማ፣ የጾም ርዝመት፣ የቄስ ጋብቻ፣ ፊትን ማዞር ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የኮቺውን ጠብ በዚህ ብንመዝነው እምነቱ ያው ነው፣ ምሥጢራቱም ያው ናቸው፤ የላላው ሦስተኛው ማሰሪያ ነው። የሚያሳፍር ጠብ ነው፣ ግን መዳን የሚችል ጠብ ነው።

የእምነቱን ማሰሪያ በተመለከተ፣ ተቺዎች ከሚሉት በላይ ወፍራም ነው ብዬ አምናለሁ። በሮም ሥር ያሉት ራስ ገዝ አብያተ ክርስቲያናት 24 ናቸው፤ አንዷ የላቲን፣ 23ቱ የምሥራቅ። የምሥራቆቹ በ1990 በዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የጸደቀ የራሳቸው የቀኖና ሕግ አላቸው። የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ፣ የሊባኖስ ማሮናዊት፣ የኢራቅ ከለዳውያን፣ የእኛ ኢትዮጵያዊትና ከ2015 ጀምሮ ራሷን የቻለችው የኤርትራ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም በሰባቱ ምሥጢራት፣ በጉባኤያቱ ውሳኔዎችና በጴጥሮስ መንበር አገልግሎት ያምናሉ። ከዚያ በመለስ ያለው ልዩነት ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ የሰፋ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የጸሎተ ሃይማኖት ጉዳይ ነው። ላቲኖቹ መንፈስ ቅዱስ «ከአብና ከወልድ የሠረጸ» ይላሉ፤ የምሥራቆቹ የጥንት ንባብ «ከአብ የሠረጸ» ነው። በዚህች ቃል ምሥራቅና ምዕራብ ሺህ ዓመት ተወጋግዘዋል። ሆኖም ሮም በ2000 ባወጣችው «ዶሚኑስ ኢየሱስ» በተሰኘ ሰነድ መግቢያ ላይ ጸሎተ ሃይማኖቱን ያሰፈረችው ያለዚያች ቃል ነው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት ሲታሰብ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በቱርክ ኢዝኒቅ፣ ማለትም በጥንቷ ኒቅያ፣ ከፓትርያርክ በርተሎሜዎስና ከሌሎች አባቶች ጋር ቆመው የደገሙት ያለዚያች ቃል ነበር። ላቲኖቹ ቃሏን ከቅዳሴያቸው አላወጡም። ሁለቱም ንባብ በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራል።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። በ2001 ሮም «አዳይና ማሪ» የሚባለውን የጥንት የአሦራውያን ቅዳሴ ትክክለኛ ቁርባን የሚፈጸምበት ነው ብላ ተቀበለች። በዚህ ቅዳሴ ውስጥ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለው የጌታ ቃል በላቲኑ መልክ ተለይቶ አይገኝም፤ ሐሳቡ በጸሎቱ ሁሉ ተበትኖ ነው ያለው። ከልጅነቱ ጀምሮ «እነዚያ ቃላት ሲነገሩ ነው የሚለወጠው» ተብሎ ለተማረ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እምነት በቃላት ብቻ ተለክቶ እንደማያልቅ ሮም ራሷ የመሰከረችበት ውሳኔ ነው።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ግን በቀላሉ አልተገኘም፤ ዋጋውን ከከፈሉት ውስጥ አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ሮም የግዕዝን ቅዳሴ ቀድማ ታውቀው ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳት ማረፊያ ነበረች፤ ስሟም ዛሬ ድረስ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ነው። እዚያ የኖሩት መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፤ ቅዳሴውም አብሮ ታተመ። መጽሐፉ በሮም ማተሚያ ቤት፣ በሮም ፈቃድ የወጣ ነው። ሰባ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ ፓትርያርክ ሆነው የመጡት የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር አባል አልፎንሶ ሜንዴስ፣ ያንን ቅዳሴ እንደሌለ ቆጠሩት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ በትዕግሥትና በወዳጅነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ሜንዴስ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ማጥመቅ፣ የተካነውን ቄስ እንደገና መካን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንደገና መባረክ፣ ጾሙንና በዓሉን ወደ ላቲን መለወጥ ጀመሩ። ላስታ ተነሣ፤ አገር ደም ተቃባ፤ በ1632 በወይና ደጋ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

ያኔ ለጠፋው ሕይወት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመሬት፣ የሥልጣን፣ የመኳንንት ፉክክርም አለበት። ነገር ግን ከሮም ጋር አንድ መሆን ማለት እንደ ሮም መሆን ነው ብሎ ማሰብ ያደረሰውን ጥፋት ከሜንዴስ ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በሩ ተዘጋ። በ1839 የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ሌላ መንገድ መረጡ፤ ያገሩን ልብስ ለበሱ፣ ያገሩን ምግብ በሉ፣ የአገሬውን ልጆች በግዕዝ ሥርዓት አካኑ። ከተከተሏቸው አንዱ ከጎጃም የወጡት መነኩሴና ሊቅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ በ1855 በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ። በዚያው ዘመን በ1846 የተሾሙት የካፑቺን ማኅበር መነኩሴው ጉልዬልሞ ማሳያ በኦሮሞ ምድር በላቲን ሥርዓት ሠሩ። ዛሬ በአገራችን ያሉት ሁለቱ ሥርዓቶች ሥር የሰደዱት ከዚያ ነው። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ ግዕዝ ናቸው፤ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ ነቀምት፣ ጅማ ቦንጋ፣ ሐረር፣ መቂና ጋምቤላ ላቲን። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ 0.7 ከመቶ ብቻ የሆነ ምእመን በሁለት ሥርዓት ይቀድሳል፤ አብዛኛውም ላቲን ነው።

ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያየ ሰው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች መሆናቸውን ለማመን ሊቸገር ይችላል። በአንዱ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ በግዕዝ ይመልሳል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል። በሌላው በወላይትኛ ወይም በሲዳምኛ መዝሙር ምእመናኑ እያጨበጨቡ መባ ይዘው ይወጣሉ፤ ቅዳሴውም ከግዕዙ በጣም ያጥራል። ጳጳሶቻቸው ግን በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ።

ሜንዴስ የሠሩት ስሕተት በሌላም አገር ተደግሟል። በ1889 አሌክሲስ ቶት የሚባሉ ሩቴናዊ (ከምሥራቅ አውሮፓ ስላቮች ወገን የሆኑ) የምሥራቅ ካቶሊክ ቄስ ስደተኛ ምእመናንን ሊያገለግሉ ወደ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ሄደው፣ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው የቦታውን ሊቀ ጳጳስ ጆን አየርላንድን ሊያገኙ ገቡ። ቶት ኋላ እንደተናገሩት ሊቀ ጳጳሱ ወረቀቱን ሲያነቡ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ «ሚስት አለህ?» ብለው ጠየቋቸው። የለችም አሉ። «ኖራህ ታውቃለች?» አዎ፣ ሞታብኝ ነው። ያኔ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ እንዲህ ያለ ቄስ አልቀበልም አሉ። ቶት በ1891 ምእመናኖቻቸውን ይዘው ወደ ሩሲያ ኦርቶዶክስ ገቡ፤ ከዚያም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተከተላቸው። ሮም በ1929 ያገቡ የምሥራቅ ካህናት በአሜሪካ እንዳያገለግሉ የከለከለችውን ያነሣችው በ2014 ነው። ሚስቱ የሞተችበት ካህን አንድ ጥያቄ ተጠይቆ የተዘጋው በር ለመከፈት መቶ ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆን አንድነትን እንደማያፈርስ የሚያሳይ ነው። አሁን ወደሚያሳስበኝ ልመጣ፤ ምክንያቱም ብዙ የእምነታችን ተሟጋቾች እዚህ ላይ ሲደርሱ «ልዩነቱ የሥርዓት ነው» ብለው ያልፋሉ። ሁሉም ልዩነት የሥርዓት አይደለም።

በ2016 ፍራንችስኮስ «አሞሪስ ላኤቲሲያ» (የፍቅር ሐሴት) የተባለውን ቃለ ምዕዳን ባወጡ ጊዜ፣ ስምንተኛው ምዕራፍና አንዲት የግርጌ ማስታወሻ መላውን ቤተ ክርስቲያን አወዛገቡ። ጥያቄው የመጀመሪያው ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ ሌላ ያገባ ሰው መቁረብ ይችላል ወይ የሚል ነበር። የማልታ ጳጳሳት በ2017 ሰውየው በቅን ኅሊና መርምሮ ከእግዚአብሔር ጋር ሰላም እንዳለው ካመነ አይከለከልም አሉ። የጀርመን ጳጳሳት ጉባኤ በግለሰብ ደረጃ እየታየ ይቻላል አለ። የፖላንድ ጳጳሳት የተለወጠ ነገር የለም፣ አይቻልም አሉ። አራት ካርዲናሎች ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አምስት ጥያቄ ጽፈው «አዎ ወይም አይደለም በሉን» ሲሉ ቀጥተኛ መልስ አላገኙም። በኦደር ወንዝ ላይ የጀርመኗን ፍራንክፈርትና የፖላንዷን ስውቢትሰን የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ በእግር የሚሻገሩት ነው። በጳጳሳቱ ቃል ከሄድን፣ ያው ሰው፣ ያው ትዳር፣ ያው ሥጋ ወደሙ፣ በአንዱ ዳር ሊቀርብ ይችላል፣ በሌላው ዳር አይችልም።

ይህን ከቄሱ ፊት አዟዟር ጋር እኩል ማየት አልችልም። ፊትን ማዞር ምሥጢሩ እንዴት ይከበር የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህኛው ግን ጋብቻና ኃጢአት ምንድን ናቸው ከሚለው ጋር የተቋጠረ ነው።

በዲሴምበር 2023 የወጣው «ፊዱሺያ ሱፕሊካንስ» ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አጋለጠው። በካርዲናል ቪክቶር ማኑኤል ፈርናንዴዝ ተፈርሞ፣ በፍራንችስኮስ ጸድቆ የወጣው ይህ ሰነድ፣ የጋብቻ ትምህርት እንዳልተለወጠ በግልጽ ይናገራል፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ይላል። ከዚያ ግን ካህናት ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ጥንዶች ሥርዓተ ቅዳሴ ባልሆነ፣ ጋብቻን በማይመስል አጭር ቡራኬ ሊባርኩ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። አፍሪካ ተንቀጠቀጠች። አንድ ወር ሳይሞላ የኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ የየአገሩን ጳጳሳት አስተያየት ሰብስበው ሮም ሄዱ፣ ከፈርናንዴዝ ጋር ተቀመጡ፣ በፍራንችስኮስ ዕውቀትም ጃንዋሪ 11 ቀን 2024 የአፍሪካና የማዳጋስካር ጳጳሳት ጉባኤዎች ኅብረት (ሴካም) ባጠቃላይ ይህን ቡራኬ በአፍሪካ መስጠት ተገቢ ሆኖ እንዳላገኘው አስታወቀ። ከሮም ጋር ያላቸው ኅብረት የጸና መሆኑንም በዚያው ወረቀት አረጋገጡ። የሰሜን አፍሪካ ጳጳሳት ግን ለየት ያለ ቃል ተናገሩ። በአውሮፓ ደግሞ የቤልጂየም ፍላንደርስ ጳጳሳት ከሰነዱ መውጣት ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2022፣ ለእንዲህ ያሉ ጥንዶች የሚሆን የጸሎት ጽሑፍ አውጥተው ነበር።

አንዳንዶች በዚህ ውስጥ መለያየትን ብቻ አዩ። እኔ ከሁሉ በፊት ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ አንድ አፍሪካዊ ካርዲናል በአውሮፕላን ተሳፍረው፣ ያልተስማሙበትን ሰነድ ከጻፈው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው፣ ተቃውሟቸውን ከእሱ ጋር ሲያረቁ። ኮቺ ላይ ያላየነው ይህንን ነው። ይሁን እንጂ ፍራንችስኮስ ኋላ ለአንድ የጣሊያን ጋዜጣ ሲናገሩ አፍሪካን «ልዩ ሁኔታ» ማለታቸው ልቤን አላሳረፈውም። ቡራኬው ትክክል ከሆነ ለኪንሻሳም ትክክል ነው፤ ስሕተት ከሆነም ለፍላንደርሷ አንትወርፕ ስሕተት ነው። የአፍሪካ ጳጳሳት የጠቀሱት ቅዱሳት መጻሕፍትንና የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነበር፤ ነገሩን የባህል ጉዳይ አድርጎ ማስቀመጥ ያነሡትን ክርክር ሳይመልሱ ማለፍ ነው። የሥርዓት ልዩነት በጂኦግራፊ ሊከፋፈል ይችላል። የእምነት ጥያቄ ግን በፓስፖርት አይፈታም።

ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፊት የነበረውን የላቲን የጥንቱን ቅዳሴ ጉዳይ ባጭሩ ላንሣው። በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 በሰፊው ፈቀዱት፤ ፍራንችስኮስ በ2021 አጠበቡት። በአሜሪካ አንዳንድ ቦታ ቅዳሴው ከቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ አዳራሽ ተዛወረ። የጥንቱን ቅዳሴ አጥብቀው የያዙት ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር በ1988 ያለ ሮም ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሾመው መወገዛቸው፣ የአራቱ ውግዘት በ2009 መነሣቱ፣ ማኅበራቸው ግን እስካሁን ሙሉ ሕጋዊ ቦታ አለማግኘቱ ከዚሁ ቁስል ጋር የተያያዘ ነው። ለግዕዝ፣ ለሶርያና ለግሪክ ቅዳሴ ሰፊ ልብ ያላት ሮም ለራሷ ለላቲን ልጆች የአያቶቻቸው ቅዳሴ ሲሆን እጇ መጨበጡ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል ያንን ቅዳሴ የሚወዱ ሁሉ ባይሆኑም አንዳንዶቹ የቫቲካኑን ጉባኤ ራሱን መካዳቸው ጉዳዩን ከቅዳሴ ጥያቄ ወደ እምነት ጥያቄ ጎትቶታል።

ከጳጳሳት ወረድ ስንል ደግሞ ሌላ ዓይነት መለያየት አለ፤ ድምፅ የሌለው። ጳውሎስ 6ኛ ጁላይ 25 ቀን 1968 «ሁማኔ ቪቴ»ን አውጥተው ሰው ሠራሽ የእርግዝና መከላከያን ከለከሉ። ትምህርቱ ዛሬም አልተነካም፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው አብዛኛው ምእመን ግን አይቀበለውም። በእኛም ቁምስናዎች ስለዚህ ነገር ከመድረክ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያውቁት ያውቁታል፣ ሌላው ዝም ይላል። በ2019 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በአሜሪካ ባደረገው መጠይቅ፣ ሕብስቱና ወይኑ በእርግጥ የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናል ብለው የመለሱት ካቶሊካውያን 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የጥያቄው አቀራረብ ሲለወጥ ቁጥሩ በጣም ከፍ እንደሚል ኋላ ታይቷል፤ ቢሆንም የአሜሪካ ጳጳሳት ደንግጠው ለዓመታት የዘለቀ የቅዱስ ቁርባን መነቃቃት መርሐ ግብር ጀመሩ። ለእኔ ከፊዱሺያ ሱፕሊካንስ በላይ አስደንጋጩ ይህ ነው። ጳጳሳት ሲከራከሩ ቢያንስ ምን ላይ እንደሚከራከሩ ያውቃሉ። አጠገቤ ተሰልፎ «አሜን» ብሎ የሚቀበለው ሰውና እኔ የምናምነው የተለያየ ከሆነ ግን፣ ጸሎተ ሃይማኖቱን በአንድ ድምፅ መድገማችን ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ካቶሊካውያን አንድ ናቸው ወይ ቢሉኝ፣ በሚያስተምሩት አዎ፣ ከሚገመተው በላይ፤ በሚኖሩት ግን ከምንፎክረው በጣም ያነሰ እላለሁ። «እኛ አንድ ነን» ማለት የማንነታችን መግለጫ ሆኖ ሳለ የማሸነፊያ ዱላ ስናደርገው፣ ስንጥቁን እንዳናይ ዓይናችንን እንጨፍናለን። በሜይ 2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛ የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ናቸው፤ ለጵጵስናቸው የመረጡት መሪ ቃልም ከቅዱስ አውግስጢኖስ የተወሰደ ነው፤ «ኢን ኢሎ ኡኖ ኡኑም»፣ በዚያ በአንዱ አንድ ነን። ቃሉ የሚናገረው የአንድነቱ ምንጭ ክርስቶስ መሆኑን ነው፤ ከእሱ የሚርቅ ሁሉ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ሥርዓት ቢቀድስም፣ ከእኔ ይርቃል።

በኤርናኩላም በ2025 ስምምነት ተደረሰ። ከጁላይ 3፣ ማለትም ከሐዋርያው ቶማስ በዓል ጀምሮ፣ በየቁምስናው እሑድ እሑድ ቢያንስ አንዱ ቅዳሴ ሲኖዶሱ በወሰነው መልክ እንዲሆን፣ የቀሩት ደግሞ ወደ ሕዝብ ዞሮ በለመዱት እንዲቀጥሉ። ማንም ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም።

እህቴ የሶዶ ልጅ አግብታ አዲስ አበባ ትኖራለች። በቀኖናው ልጅ የአባቱን ሥርዓት ይከተላልና የእህቴ ልጅ ላቲን ነው፤ የተጠመቀው ግን በቅርባቸው ባለው በግዕዝ ቁምስና ነበር። በግዕዙ ሥርዓት ቄሱ አጥምቆ ወዲያው ሜሮን ቀባው። ከሶዶ ለክርስትናው የመጡት የአባቱ እናት ይህን አላስተዋሉም፤ በእሳቸው አገር ሜሮን ልጁ አድጎ፣ ትምህርተ ክርስቶስ ተምሮ፣ ጳጳሱ ሲመጡ የሚደረግ ትልቅ ቀን ነው፤ ለዚያ ቀን የሚለብሰውን ነጭ ልብስ እንኳ ከአሁኑ አስበዋል። ከቅዳሴ በኋላ ቅጥር ግቢው ውስጥ ሕፃኑን ታቅፈው ቄሱን ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«አባ፣ ሜሮኑን እንግዲህ ጳጳሳችን ይቀቡታል አይደል?»

«ተቀብሏል እኮ እማማ፤ ዛሬ ከጥምቀቱ ጋር።»

«እንዴ! ታዲያ እኛ ጋ ሲመጣስ?»

«እናንተም ጋ ያው ነው። አይደገምም።»

እማማ ሕፃኑን ቀና አድርገው ግንባሩ ላይ ያለውን ቅባት ትንሽ አዩት፤ ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ሳይነኩ ራሱን ሸፈኑት።